ለብ ያለ፣ ትንሽ፣ አንዳንዴ

ድሬሰር አልኑር ማረፉን የሰማሁት የተማሪ ሱሪ እግር እያጠፍኩ ሳለ ነው። ሴት ልጁ ሐዋ ከመንጌ ደውላ «ያ ኸያጥ፣ አባቴ ጥሎን ሄደ» አለችኝ። ኸያጥ ስሜ አይደለም፤ በዐረብኛ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። አባቷ ያወጣልኝ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ እንደዚያ ይጠራኛል፤ እንድሪስ መባሌን የሚያውቁም አይመስለኝ። ኢና ሊላሂ አልኩ። እሷ ቀጥላ፣ «ስትመጣ ጋሽ ይመርን ይዘሃቸው ና። አባቴ ያስቀመጠላቸው አደራ አለ፤ ለእጃቸው ስጪ ብሎኛል» አለች። ጋሽ ይመር አባቴ ነው። አደራው ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ አንድ ጊዜ አባቴን ሊገድለው ምንም ያልቀረው ነገር የሚደረግበት ዕቃ ነው። ከሞቱ ዜና እኩል እሱ አስደነገጠኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ላወራ ከሆነ ስለ ሁቅና ማውራቴ ነው፤ የሚያፍር ሰው ካለ ከአሁኑ ይፈር። ሁቅና ማለት በመቀመጫ በኩል ውሃ አስገብቶ አንጀትን ማጠብ ነው። በቃ፣ ተናገርኩት። ሆድ ድርቀት የያዘው ሰው ያደርገዋል፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም እያወቀ የማይናገረው ግን፣ ምንም ሳይዘው፣ ቀለል ስለሚለውና ስለሚወደው ብቻ የሚያደርግ ሰው መኖሩን ነው። አሶሳ ውስጥ እነዚህን ሰዎች ሳይስቅባቸውም ሳይቆጣቸውም የሚያነጋግር አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አልኑር ነው።

ድሬሰር የድሮ ማዕረግ ነው። ቁስል ከመጥረግ ጀምሮ መርፌ እስከ መውጋት ክሊኒኩን ብቻውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ነበር እንደዚያ የሚሉት። አልኑር ከሸርቆሌ እስከ መንጌ ባሉ ክሊኒኮች ሲያገለግል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከእኔ ስፌት ቤት ጎን ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ግድግዳችን አንድ ነበር። እሱ በዚያ በኩል ሲያስነጥስ እኔ በዚህ በኩል «የርሐሙከላህ» እላለሁ፤ ስንት ዓመት እንደዚህ ኖርን።

ረጅም ቀጭን ሰው ነው። መነጽሩ ከጀለቢያው ኪስ፣ መፋቂያው ከከንፈሩ ጥግ አይጠፋም። አንድ ነገሩ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ ቁም ነገር ሊናገር ሲል እጁን ይታጠባል። ምንም ሊነካ አይደለም፤ ሊናገር ነው። በሩ ላይ ካለው ጀሪካን ውሃ ያንቆረቁርና እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፤ ያራግፋል፤ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። «እጅ ቆሻሻ ከሆነ፣ ወሬም ቆሻሻ ይሆናል» ይላል። አልኑር ሲታጠብ ያየ ሰው ወሬውን አቁሞ ይጠብቀዋል።

አማርኛው የበርታ ሰው አማርኛ ነው። ወንዱንም ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ነው የሚለው። ሌላ ሰው ቢሆን ስንቱ በተቀየመው፤ እሱን ግን ማንም ተቀይሞት አያውቅም።

ለሁቅና የነበረው ሕግ ሦስት ቃል ነው። ሦስት ጣቱን ያነሳና አንድ በአንድ እያጠፈ «ለብ ያለ። ትንሽ። አንዳንዴ» ይላል። ውሃው ፈልቶ የበረደ፣ ክርን ሲነከርበት የማይሞቅም የማይቀዘቅዝም ይሁን። ብዙ አይሁን። በላይ በላዩም አይደረግ። ጣቶቹ ሲያልቁ ጭብጡን ከፍ አድርጎ፣ «ካመመ፣ ደም ካየህ፣ እዚያው ቁም። እዚህ ጀግና የለም» ብሎ ይዘጋል። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመውንና ነፍሰ ጡርን ከነጭራሹ አያስጠጋም፤ «አንተ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቅ» ብሎ ይሸኛል።

ራሱም ያደርግ ነበር። መደበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። በወሩ መጀመሪያ አንድ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ይዘጋል፤ የት ነበርክ ሲሉት «ሆዴን ልጠይቅ ሄጄ» ይላል። ከቀትር በኋላ ግቢው ብትሄዱ፣ ማንጎው ሥር ባለችው የጠፍር አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ጨው ጣል ያለበት የሎሚ ውሃ እየጠጣ ታገኙታላችሁ። ፊቱ ያን ዕለት የሙሽራ ፊት ነው።

«ኧረ ድሬሰር፣ በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?» አልኩት አንድ ቀን።

ተነሳ፤ ታጠበ፤ ተመልሶ ጋደም አለ። «ያ ኸያጥ፣ ሰው መቅለል ይወዳል። ይሄ ነውር አይደለም። ማንጎ ጥሩ ነው፣ አይደል? አንተ የዛፍ ሙሉ ማንጎ በላህ፣ ሆድህ ታመመ። ጥፋት የማንጎ ነው?»

ለካ የዚያን ሳምንት ማንጎ አብዝቼ ስቃትት እንደነበር ያውቃል፣ ተንኮለኛ።

የላስቲክ ከረጢትና ለስላሳ ቱቦ ይሸጥ ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ቤቱ ሰው የሚበዛበትና ማስቀመጫ ያጣ ደንበኛ ዕቃውን እሱ ዘንድ ያኖራል። መያዣውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ስም አይጻፍበትም፤ እያንዳንዱ ከተለያየ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋል፣ አበባ ያለበት፣ መስመር ያለበት፣ ጥቁር። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው አልኑር ብቻ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ላወጣጣው ሞከርኩ! «አንተ ክር ያዝ» ነው መልሱ።

ለመሸጥ ግን አይቸኩልም። አንድ ጊዜ ከባምባሲ የመጣች ነጋዴ ሴት፣ ለመቅጠን ነው የምፈልገው አለችው። ታጠበ። «አንተ እህቴ፣ ስብ በዚህ አይወጣም። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ነገ ሚዛን ላይ ቀነስክ፣ ከነገ ወዲያ መንገድ ላይ ወደቅክ» አላትና ሳይሸጥላት ቀረ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ገበሬ ሆዱን ይዞ፣ እያስመለሰው መጥቶ፣ ሁቅና ስጠኝ ብሎ ለመነው። አልኑር እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «የሚያም ሆድ፣ የሚያስመልስ ሆድ፣ ውሃ አይገባበትም! ሐኪም! አሁን!» ብሎ ሱቁን ክፍት ትቶ፣ ሰውዬውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ራሱ ሆስፒታል አደረሰው። ትርፍ አንጀት ኖሯል፤ በቀዶ ጥገና ተረፈ። ለጥቂት ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። እናቴ ስታርፍ ከሰፈራ መንደሩ አምጥቼ እኔ ዘንድ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ይቆያል፤ ሽማግሌ ነው፣ ይቆይ ብዬ ተውኩት። ለካ በቅል ነው ሁቅና የሚያደርገው፣ ያውም ራሱ ቀርከሃ ቀርጾ ጫፉ ላይ አስሮ። ሰፋሪ ሆኖ ቀርከሃ የማያምን የለም፤ አጥራችን እሱ፣ ጣሪያችን እሱ፣ አልጋችን እሱ። አባቴም «እዚህ አገር ቀርከሃ የማይሆነው ነገር የለም» ይል ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ይወስደዋል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ውሃው ውስጥ ደግሞ የተፈጨ ፌጦና ሳሙና ይጨምርበታል። ያደገው በኮሶ ነው። ኮሶ ካላንገሸገሸ አይሠራም ተብሎ ነው ያደገው፣ ስለዚህ ካልለበለበ አያጸዳም ብሎ አመነ። መጀመሪያ በወር ነበር፣ ከዚያ በሳምንት፣ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

አንድ ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ እግሩ ይኮማተራል፣ ስጠራው አይመልስም። ጩኸቴን ሰምቶ አልኑር ደረሰ። ቅሉን አየ፣ ቀርከሃውን አየ፤ ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ምን ሆነው ነው ስትለኝ «እንዲሁ ወደቁ» አልኳት። የገዛ አባቴ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ እኔ አፈርኩ! አልኑር ኮሪደሩ ላይ ያለው ቧንቧ ጋ ሄዶ ታጠበ። መጣና፣ «ዶክተር፣ ሁቅና ነው። በየቀን። ፌጦ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ቀርከሃ አለ» አላት። እሷ አልሳቀችም፤ ወዲያው ደም አስመረመረች፣ ግሉኮስ ሰቀለች። ጨውና ውሃው ተሟጦ፣ አንጀቱም ቆስሎ ነበር። አልኑር ከበሩ ውጪ ክንዴን ይዞ፣ «አንተ አፍረህ ብትቀር፣ አባት ሞተ። የቱ ይሻላል፣ እፍረት ወይስ አባት?» አለኝ። ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ተሽሎት ቤት ሲገባ ግን ከአልኑር ጋር ተኳረፈ። ምስጢሬን አደባባይ አወጣው ብሎ ነው። አልኑር ግን ከርከዴ በቴርሞስ ይዞ መጣ፤ ያችን ቀይ የሱዳን ሻይ።

«ምን ልትለኝ መጣህ?» አለው አባቴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ተው ልትለኝ ከሆነ አልተውም። እኔ እወደዋለሁ።»

«እኔም እወዳለሁ» አለ አልኑር።

አባቴ ዞረ። «ምኑን?»

«ሁቅና። በወር አንድ። ለብ ያለ፣ ትንሽ።»

አባቴ አፉን ከፍቶ አየው፣ ከዚያ ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። «አንተም? አልሐምዱሊላህ፣ እብዱ እኔ ብቻ አይደለሁም!»

ከርከዴው ተቀዳ። አልኑር ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ተነሳና ታጠበ። «ያ ሐጅ ይመር» አለው፤ አባቴ መካን ረግጦ አያውቅም፣ ሲያከብረው ነው። «እኔ ደስ ሲለኝ አደርጋለሁ። አንተ ስታደርግ ደስ ይልሃል?»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ እኔ ልጁ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወራ። ወደዚህ ሲመጡ ታናሽ ወንድሙ ሑሴን አብሮት ነበር። ገና መጠለያው እንደደረሱ የሑሴን ሆድ ተነፋ፤ አላስወጣው አለ፤ ይጮህ ነበር። አባቴ ሁቅና ሊሰጠው አስቦ ቅል ፈልጎ አጣ። ሑሴን በሦስተኛው ቀን ሞተ። «አንድ ቅል ባገኝ ኖሮ ወንድሜ ይድን ነበር» አለ አባቴ። «አሁን አንድ ቀን ካላስወጣኝ የሑሴን ሆድ ነው የሚታየኝ። እንደሱ ተነፍቼ እንዳልሞት ነው የምታጠበው።»

አልኑር ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። «ወንድምህ ያስመልሰው ነበር?»

«አረንጓዴ ነገር ያስመልሰው ነበር።»

«አንጀት ተጠምዝዟል። እኔ ብዙ አይቻለሁ። ያ ሆድ መቀደድ ነው የሚፈልገው፣ በሐኪም ቢላ። አንተ ቅል አግኝተህ፣ ውሃ አስገብተህ ቢሆን፣ በሦስት ቀን ሳይሆን በአንድ ቀን ይሞት ነበር፣ በአንተ እጅ። አላህ ቅሉን የደበቀው ለአንተ ነው።» እጁን አባቴ ጉልበት ላይ አሳረፈ። «አንተ አላጠፋህም፣ ያ ሐጅ።»

አባቴ አለቀሰ። ሽማግሌ አባት ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ፣ እኔም አለቀስኩ። ስመለስ ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ቅሉና ቀርከሃው ይቃጠላል። ፌጦው ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፣ ሳሙናው ወደ ልብስ። አንጀቱ ድኖ ሐኪሟ ስትፈቅድ አዲስ ለስላሳ ዕቃ ይሰጠዋል፣ ነገር ግን አልኑር ሱቅ ውስጥ በአደራ ይቀመጣል። ሲፈልግ መጥቶ ይጠይቃል። «እኔ አልከለክልም» አለ አልኑር። «ግን መጀመሪያ ትቀመጣለህ፣ ከርከዴ ትጠጣለህ። ከዚያ ከፈለግክ፣ ወሩም ከደረሰ፣ እሰጣለሁ።»

መያዣውን ከተማሪ ደንብ ልብስ በተረፈ ካኪ ሰፋሁለት። የማን እንደሆነ የማውቀው መያዣ እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ አባቴ በየቀኑ ይሄድ ነበር። በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። «አምጣ!» ይላል አባቴ። «ተቀመጥ» ይላል አልኑር። ከርከዴ ይቀዳል። ባሚያ ወጥ በገንፎ ብላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ገበያ ድረስ በእግርህ ሂድ ይለዋል። ከዚያ ወሬ ይጀመራል፤ የመንጌ ወርቅና የወሎ ማር፣ የማን ፍየል ወተት ይበልጣል። በፍየል ብቻ ስንት ጠዋት ተጨቃጭቀዋል! አባቴ ይወጣና መንገዱን ጋመስ አድርጎ ይቆማል፤ ዕቃውን ረስቶታል። አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይተወዋል። ወሩ ሲደርስ አልኑር ራሱ አንስቶ «ዛሬ ያንተ ቀን ነው» ይለዋል፤ አባቴ አድርጎ ማንጎው ሥር ከአልኑር ጎን ጋደም ይላል፣ ሁለቱም የሎሚ ውሃቸውን ይዘው። ዓመት ሲሞላ አባቴ ስለ ዕቃው መጠየቁን ትቶ ለከርከዴው ብቻ መሄድ ጀመረ። ፊቱ ሞላ፣ እንቅልፉ ተመለሰ። እኔም በልቤ አልኑርን እንደ አጎቴ ነበር የማየው፤ ለእሱ ግን አንድ ቀን አልነገርኩትም፣ ይሄ ይቆጨኛል።

አልኑር ሲደክመው ሱቁን ዘግቶ ወደ ትውልዱ መንጌ ገባ። የሌሎቹን ዕቃ ሁሉ ለየባለቤቱ መለሰ፤ የአባቴን ግን ይዞት ሄደ። «ከፈለግክ መንጌ ና» አለው እየሳቀ። አባቴ ሦስት ጊዜ ሄደ። ሦስቴም ማንጎ ተሸክሞ፣ ዕቃውን ሳይዝ ተመለሰ።

እና ለለቅሶ ሄድን። ሰዉ ብዙ ነበር፤ ከሸርቆሌ፣ ከአሶሳ የመጣው ሁሉ ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ስለሱ ያወራል፣ ሲያወራም ይስቃል። አንዱ ሦስት ጣት ሲያነሳ ሌላው ጭብጥ ያነሳል። የባምባሲዋ ነጋዴም ነበረች። ስንነሳ ሐዋ ካኪውን መያዣ አምጥታ በሁለት እጇ ለአባቴ ሰጠችው። «አባቴ ‹አሁን እሱ ልኩን ራሱ ያውቃል› ብሏል» አለችው።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ጭኑ ላይ አድርጎት መጣ። እኔ መንገዱን ሙሉ ያንን ካኪ ነው የማየው። ከአሁን በኋላ የሚያስቀምጥለት የለም፤ ሐዘን ላይ ነው፤ ሐዘን ሆድ ይይዛል፣ የሑሴንን ሆድ ያመጣል። ልቀማው? ሰባ አምስት ዓመት ያለፈውን ሰው ዕቃ እንዴት ነው የምቀማው? ዝም ልበለው ብል ደግሞ ያ በር ላይ የተዘረረበት ጠዋት ይታየኛል። እንዲሁ ስወላውል ቤት ደረስን።

በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ሲከፈት ስፌቴን አቁሜ ጆሮዬን ጣልኩ። አባቴ ቶሎ ወጣ። ቀስ እያለ መጣና ካኪውን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ፣ መርፌው አጠገብ አኖረው። መያዣው እኔ እንደሰፋሁት ነው፤ ማሰሪያው አልተፈታም።

«ያዘው» አለኝ።

«ልጣለው?»

«ምን ቆርጦህ! አደራ ነው የምልህ። የወሩ ቀን ሲደርስ ትሰጠኛለህ። ከዚያ በፊት ከመጣሁብህ ግን…» ካኪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ቶሎ እንዳትሰጠኝ። መጀመሪያ አስቀምጠኝ፣ ከርከዴ አጠጣኝ፣ አጨቃጭቀኝ።»

ተነስቼ በሩ ላይ ካለው ጀሪካን ውሃ አንቆረቆርኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና መታጠብ ጀመርኩ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ታጥቤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።